ተንጠልጣይ የጀልባ ሞተር፦ ታሪኩ፣ እድሳቱና ስያሜው

የሙያ ቃላትን ለመሰየም የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ዕቃ በባዕድ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብሎ ሳይሆን፣ «ይህ ዕቃ ምን ይሠራል? ከምንስ ተነሥቶ ዛሬ ካለበት ደረሰ?» ብሎ ነው። ቃልን ከቃል ጋር በማነጻጸር ብቻ የተሰጠ ስም በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ያማረ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ መጽሐፉ ዘይት በነካው እጅ ተይዞ በሥራ ቦታ ሲነበብ ግን ብዙ ጊዜ አይጸናም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ አነስተኛ መሣሪያ ነው። ይኸውም በጀልባ የኋላ ግድግዳ ላይ በመቆንጠጫ ታስሮ ጀልባዋን ወደፊት የሚገፋው፣ ሥራው ሲያበቃም ተፈትቶ በትከሻ የሚወሰደው ሞተር ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመሣሪያው ታሪክ ከመቶ ኀምሳ ዓመት ያልበለጠ ስለሆነ ስሙና አካሉ አብረው ሲያድጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል ይቻላል። ሁለተኛ፣ ያረጁ ሞተሮችን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና ማሠራት በብዙ አገሮች የታወቀ ሙያ በመሆኑ የጥገና መምሪያዎቹ የቃላት ሀብት ሰፊ ነው። ሦስተኛ፣ በአማርኛ የሞተር ክፍሎች ሁለት ዐይነት ስም አላቸው፤ አንዱ ከጋራዥ የተገኘ፣ ሌላው በተርጓሚ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጎዳው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም ይበላሻል፤ ከባሕር ዳርቻ የራቀ ጀልባም ከነሰዎቹ ባለበት ይቀራል።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. መሣሪያው እንዴት ተወለደ?

ጀልባ በሞተር ኀይል መሄድ ከጀመረች በኋላ ለብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚቀመጠው በሆዷ ውስጥ ነበር። ሞተሩን ከጀልባዋ አካል ውጭ ማድረግ ራሱን የቻለ ሐሳብ ነው። በ1881 ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ በፓሪስ በሴን ወንዝ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄድ ጀልባ አሳየ። ሞተሩ ከመሪው ጋር ተያይዞ የተሠራና ከጀልባዋ ሊነሣ የሚችል ስለነበር፣ የታሪክ ጸሐፊዎች የዚህን መሣሪያ የዘር ሐረግ ከእርሱ ይጀምራሉ። በ1896 ደግሞ በኒው ዮርክ የአሜሪካን ሞተር ኩባንያ በቤንዚን የሚሠራ፣ «ተንቀሳቃሽ የጀልባ ሞተር» የተባለ መሣሪያ በጥቂት ቁጥር ሠርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ካሜሮን ዋተርማን የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ተማሪ ነው። የሞተር ብስክሌት ሞተር በጀልባ ኋላ ላይ ቢታሰር ጀልባዋን ይገፋል ከሚል አሳብ ተነሥቶ፣ በዲትሮይት ወንዝ ላይ ሙከራ አደረገ፤ በ1907ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የሸጠበት የንግድ ስም «ፖርቶ» ሲሆን፣ ትርጉሙ በእጅ ተይዞ የሚሄድ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። በእንግሊዝኛ ዛሬ የተለመደውን «አውትቦርድ ሞተር» የሚለውን ሐረግ ለዚህ መሣሪያ በመስጠትም ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው እርሱ ነው።

መሣሪያውን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። ኤቪንሩድ በ1877 በኖርዌይ ተወልዶ፣ ገና ሕፃን ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ተሻገረ። በሚልዋኪ ከተማ ሠርቶ በ1909 ለሽያጭ ያቀረበው ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ሆኖ ጉልበቱ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም 28 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። የማስታወቂያውንና የደብዳቤውን ሥራ የምትመራው ባለቤቱ ቤስ ነበረች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሞተሩ አቀማመጥ ነው፦ ቮላኖው ከላይ ተጋድሞ ይዞራል፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከታች ባለው ማርሽ አማካይነት ኀይሉ ወደ ውልብልቢቱ ይተላለፋል። ይህ አሠራር ከዚያ ወዲህ ለተሠሩት ሞተሮች ሁሉ መሠረት ሆኗል።

ኤቪንሩድ ድርጅቱን ሸጦ ለጥቂት ዓመታት ከሥራው ከራቀ በኋላ፣ በ1921 በአሉሚኒየም የቀለለ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ተመለሰ። ስሙንም «ኤልቶ» አለው፤ ቃሉ «የኤቪንሩድ ቀላል ጥንድ አውትቦርድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት የተሰበሰበ ነው። በዚያው ዘመን የጆንሰን ወንድማማቾች በ1922 ገበያ ላይ ያዋሉት ሞተር ጉልበቱ 2 የፈረስ ጉልበት ሆኖ ክብደቱ 16 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለነበር ብርቱ ተወዳዳሪ ሆነ። በ1929 የኤቪንሩድ፣ የኤልቶና የሎክዉድ ድርጅቶች ተዋሐዱ። ኤቪንሩድ በ1934 ካረፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጆንሰንም ተጨምሮበት አንድ ትልቅ ኩባንያ ተቋቋመ። ይህ ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ የኤቪንሩድን ስም የወረሰው ሌላ ድርጅትም በ2020 ማምረቱን አቆመ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ያረጀ ኤቪንሩድ የያዘ ሰው የሚያማክረው ፋብሪካ የለውም፤ የሚተማመነው በመምሪያውና በመምሪያው ቃላት ነው።

2. ሕዝቦች ስሙን እንዴት አወጡት?

ከላይ እንዳየነው የመጀመሪያዎቹ ስሞች «ተንቀሳቃሽ»፣ «ፖርቶ» የሚሉ ናቸው። ዐይናቸውን የሳበው ሞተሩ ተነሥቶ የሚሄድ መሆኑ ነበር። ቆይቶ ግን ስሙ ከመነሣቱ ወደ መቀመጫው ዞረ። «አውትቦርድ» ከጥንት የባሕርተኞች ቃል ሲሆን፣ ከመርከብ ግድግዳ ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ያመለክታል። የፈረንሳይኛው «ኦር ቦር»፣ የጀርመንኛው «አውሰንቦርድሞቶር»፣ የጣሊያንኛው «ፉዎሪቦርዶ» ይህንኑ አሳብ በየራሳቸው ቃል ይገልጻሉ።

ሁሉም ግን ይህን መንገድ አልተከተሉም። የኤቪንሩድ የትውልድ አገር ቋንቋ የሆነው ኖርዌጂያንኛ መሣሪያውን «ፖሄንግስሞቶር» ይለዋል፤ ይኸውም በላዩ የተንጠለጠለ ሞተር ማለት ነው። ሩስያኛም እንዲሁ «ፖድቬስኖይ ሞቶር»፣ ማለት የተሰቀለ ሞተር፣ ብሎታል። ፊንላንዶች በኋላ በኩል በመቀመጡ «ፔሬሞቶሪ» አሉት፤ የኋላ ሞተር ማለት ነው። የስዊድን ሕዝብ በተለምዶ አነጋገሩ «አክተርስኑራ»፣ የኋላ እሽክርክሪት እንደማለት፣ ይለዋል። አንድ መሣሪያ ስንት ዐይነት ጠባይ እንዳለው ከስሞቹ መረዳት ይቻላል፤ ይነሣል፣ ከግድግዳ ውጭ ነው፣ ተንጠልጥሏል፣ ኋላ ነው፣ ይሽከረከራል። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ የየቋንቋው ድርሻ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ የእንግሊዝኛውን አሳብ ተከትለን «የውጭ ሞተር» ብንል፣ የአዲስ አበባ ነጋዴም ሆነ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂ የሚረዳው ከውጭ አገር የመጣ ሞተር ብሎ ነው። «የኋላ ሞተር» ብንል ሞተራቸው በስተኋላ ካለ መኪኖች ጋር ይደበላለቃል። «የጀልባ ሞተር» ማለት ብቻውን በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚተከለውንም ያጠቃልላል። ስለሆነም የኖርዌይንና የሩስያን መንገድ መከተል የሚሻል ይመስለናል። «ተንጠልጣይ የጀልባ ሞተር» የሚለው ሐረግ አቀማመጡን ያሳያል፤ ተነቃይ መሆኑንም ይጠቁማል፤ ከሌላ ነገር ጋርም አይምታታም። ጉዳዩ በተደጋጋሚ በሚነሣበት ጽሑፍ «ተንጠልጣይ ሞተር» ብሎ ማሳጠር ይቻላል።

3. ጥገና፣ እድሳት፣ ወደ ነባር መልክ መመለስ

በአሮጌ ሞተር ላይ የሚሠራውን ሥራ ለመግለጽ አማርኛ ብዙ ቃላት አሉት፤ ሆኖም ድንበራቸው ተለይቶ አልተቀመጠም። ጥገና ማለት የተበላሸውን እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ መልኩ ቢለወጥ፣ የሌላ ሞተር ክፍል ቢገባበትም ጥገና ነው። እድሳት ያረጀውን አዲስ ማስመሰልን ይጨምራል፤ ቀለም መቀባት፣ መወልወል በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው ሥራ ግን ከሁለቱም ይለያል። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረው አሠራርና መልክ እንዲገኝ ማድረግ ነው፤ አዲስ ማስመሰልን አይፈልግም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ መወልወል ነባሩን ምልክት ያጠፋል። ለዚህኛው «ወደ ነባር ሁኔታ መመለስ» የሚለውን ሐረግ ብንጠቀም ተርጓሚው ሦስቱን አሳቦች ለያይቶ ማስቀመጥ ይችላል።

ለምሳሌ የሚመቸን የእንግሊዝ አገሩ «ብሪቲሽ ሲጋል» ነው። ይህ ሞተር በ1931 በዉልቨርሃምፕተን ከተማ በጆን ማርስተን ኩባንያ መሠራት ጀመረ፤ በኋላም ሥራው ወደ ደቡብ የባሕር ዳርቻ፣ ወደ ፑል ከተማ ተዛወረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር ጀልባዎች አገልግሏል። ማምረቱ በ1996 ቢቆምም፣ አሠራሩ እጅግ ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ በብዛት ይሠራል፤ መለዋወጫም ይገኝለታል። ባለ ሁለት ምት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ከናስ የተሠራው ሰርባቶዮ ከላይ ስለሆነ ቤንዚኑ ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። ማስነሻው በቮላኖው ዙሪያ ተጠምጥሞ የሚሳብ ገመድ ነው። ባትሪ የለውም፤ ብልጭታው የሚመጣው በቮላኖው ውስጥ ካለው ማግኒቶ ነው።

በሞተሩ አካል ላይ የተመታው ፊደልና ቁጥር ዐይነቱን ለማወቅ ያገለግላል። ስለዚህ ወደ ነባር ሁኔታ የሚመልስ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መፍታት ሳይሆን ማንበብ ነው። ቁጥሩን ከመዘገበ በኋላ ክፍሎቹን በየተራ ይፈታል፤ የፈታውንም በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከጨው ውሃ የተነሣ የብረት ብሎን ከአሉሚኒየም አካል ጋር ተጣብቆ ሲገኝ በኀይል ማዞር ብሎኑን ይቆርጠዋል፤ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ማጠጣት፣ ማሞቅና መታገሥ ይሻላል። ቮላኖውንም በመዶሻ መምታት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

4. ብልሽት ፍለጋ

በእንግሊዝኛ የብልሽት ፍለጋ ቃል «ችግርን መተኮስ» የሚል ቅርጽ አለው። ቃሉ የተወለደው በቴሌግራፍና በስልክ መሥመር ላይ የተበላሸውን ቦታ ፈልገው በሚያገኙ ሠራተኞች ዘንድ ነው። እኛ ቅርጹን ትተን ሥራውን ብንወስድ «ብልሽት ፍለጋ» የሚለው ይበቃል፤ ምክንያቱም ጥበቡ ያለው በመጠገኑ ሳይሆን በመፈለጉ ነው።

ማንኛውም ባለ ሁለት ምት ሞተር ለመነሣት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ብልጭታ፣ ድብልቅ ነዳጅና እመቃ። ፈላጊው እነዚህን አንድ በአንድ ይመረምራል።

ብልጭታውን ለመመርመር ካንዴላው ይፈታል፤ ከኬብሉ ጋር እንደተያያዘ የብረት አካሉ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረጋል፤ ቮላኖው በገመድ ሲዞር በካንዴላው ጫፍ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህ ሲደረግ በአካባቢው የቤንዚን ተን እንዳይኖር ጥንቃቄ ያሻል። ብልጭታ ከሌለ ወይም ቀይና ደካማ ከሆነ፣ የፑንቲናው ገጽ ዝጎ ወይም ተቃጥሎ እንደሆነ ይታያል፤ ይጸዳል፤ ክፍተቱም ይለካል። በሲጋል የተለመደው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በኋላ ኮንደንሰሩና ቦቢናው በየተራ ይመረመራሉ።

ብልጭታው ደኅና ከሆነ ወደ ነዳጁ ይታለፋል። ለዓመታት የቆየ ቤንዚን ተንኖ የሚተወው ሙጫ መሰል ዝቃጭ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ፣ ማለት ጅግለሩን፣ ይዘጋል። ሰርባቶዮው፣ የነዳጅ ቧንቧው መክፈቻና ማጣሪያው ሁሉ ይታጠባሉ። ዛሬ በብዙ አገሮች ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ፣ በጥንት ዘመን የተሠሩ የጎማና የቡሽ ክፍሎች ሊበላሹ እንደሚችሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

እመቃው የሚታወቀው ካንዴላው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ቮላኖውን በእጅ በማዞር ነው። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጅን መልሶ ይገፋል። ምንም ካልገፋ የፒስተኑ ፋሻ በጥላሸት ተጣብቆ ወይም አልቆ ይሆናል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ድብልቁ አስቀድሞ በፒስተኑ ሥር ወዳለው ክፍል ስለሚገባ፣ ከታች በጓርኒሲዮን በኩል አየር የሚስብ ሞተርም አስቸጋሪ ይሆናል፤ ብልጭታም ነዳጅም እያለው በወጉ አይነሣም።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ፤ ውሃውና ማርሹ። ተንጠልጣይ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሥሩ በሚስበው ውሃ ስለሆነ ሙከራው የሚደረገው የታችኛው ክፍል በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ገብቶ ነው። ማቀዝቀዣው ውሃ ተመልሶ ካልወጣ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ መተላለፊያው በአሸዋ ወይም በጨው ተደፍኗል። የሲጋል ማርሽ ቤት ግን ፍጹም የታሸገ ስላልሆነ ጥቂት ውሃ ወደ ዘይቱ መግባቱ የተለመደ ነው። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ሲመስል ያየ አዲስ ሠራተኛ ትልቅ ብልሽት ያገኘ ይመስለዋል፤ የዚህን ሞተር ጠባይ የሚያውቅ ግን ዘይቱን ለውጦ ሥራውን ይቀጥላል። ጠባይን ከብልሽት መለየት የብልሽት ፍለጋ ግማሹ ነው።

5. የጋራዥ ቃላት ከየት መጡ?

አንባቢ ከላይ የተጠቀምንባቸውን ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ጓርኒሲዮን፣ ሰርባቶዮ፣ ፋሻ፣ ቦቢና የሚሉትን ቃላት ልብ ብሎ ይሆናል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ በቀሩት ጣሊያናውያን ጋራዦች አማካይነት በእጅ ሥራ ተላልፈው፣ ከመምህር ወደ ረዳት እየተወረሱ ቆይተዋል። ማንም ኮሚቴ አልወሰነባቸውም፤ መዝገበ ቃላትም አላስተማራቸውም። በመሆኑም የቃል ሰያሚ በቀላሉ ሊያልፋቸው አይገባም።

ካንዴላ የሚለውን ቃል እንውሰድ። በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፈረንሳይኛም፣ ዐረብኛም ዕቃውን ሻማ ይሉታል፤ ጀርመንኛ ደግሞ የማቀጣጠያ ሻማ ይለዋል። እንግሊዝኛ ግን ውታፍ አድርጎታል። እንግሊዝኛውን ብቻ አይቶ «የብልጭታ ውታፍ» ብሎ የሚሰይም ተርጓሚ፣ የአንድን ቋንቋ ምርጫ የሳይንስ ግዴታ አድርጎ መውሰዱ ነው። ካንዴላን መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌላ ትርጉምም የለውም፤ ስለዚህ ባለበት መቀመጥ አለበት።

አንዳንዶቹ ቃላት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፋሻ በሐኪም ቤት የቁስል መጠቅለያ ሲሆን በጋራዥ የፒስተን ቀለበት ነው፤ መነሻቸው አንድ የጣሊያንኛ ቃል ቢሆንም መጽሐፍ ውስጥ «የፒስተን ፋሻ» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ሞላ ደግሞ የጣሊያንኛ ቃል ሆኖ ተወርዋሪ ጥምዝ ሽቦን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ከታወቀው «ሞላ» ከሚለው ግሥ ጋር በጽሑፍ አይለይም። በሲጋል ሞተር ውልብልቢቱ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በሞላ ነው፤ ውልብልቢቱ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ግጭቱን የሚበርደው እርሱ ነው። «ሞላው ሲሰበር» ብሎ መጻፍ ግልጽ ነው፤ «ሞላ መሆኑን አረጋግጥ» ቢባል ግን አንባቢው ሰርባቶዮውን ሊመለከት ይችላል። እንዲህ ላለው ቦታ «የውልብልቢት ሞላ» ማለት ያስፈልጋል።

6. የተሳሳተ ትርጉም የሚያስከትለው ጉዳት

የሚከተሉት ምሳሌዎች የቃል አመራረጥ ከሥራ ውጤት ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ያሳያሉ።

ሀ) በእንግሊዝኛ መምሪያዎች ቤንዚን የበዛበት ሞተር «በጎርፍ ተጥለቀለቀ» ይባላል። ይህ ስለ መኪና በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ የሚያስቅ ብቻ ይሆናል፤ ስለ ጀልባ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ግን አንባቢው ሞተሩ ውስጥ ውሃ እንደገባ አድርጎ ይረዳዋል። የውሃውም ሆነ የቤንዚኑ መፍትሔ ለየብቻ ስለሆነ፣ «ቤንዚን በዝቶበት ታፈነ» ተብሎ መተርጐም አለበት።

ለ) ብርድ የያዘውን ሞተር ለማስነሣት አየር የሚቀንሰው ክፍል በእንግሊዝኛ ከማነቅ ግሥ የወጣ ስም አለው። «ሞተሩን እነቀው» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ሞተሩን አጥፋው የተባለ ይመስለዋል። «የአየር መግቻውን ዝጋ» ማለት ሥራውን በትክክል ይገልጻል።

ሐ) ኮንደንሰር የሚለው ስም የመጣው ከቮልታ ነው፤ በ1782 የኤሌክትሪክን ሙላት የሚያጠራቅመውን መሣሪያ ለመሰየም ተጠቀመበት። ዛሬ የፊዚክስ መጻሕፍት ሌላ ስም ቢመርጡም፣ የጋራዥ እንግሊዝኛ ጥንታዊውን ይዟል። ያው ስም ግን ተንን ወደ ፈሳሽ የሚለውጠውንም መሣሪያ ያመለክታል። «ተን አቀዝቃዥ» ብሎ የተረጐመ ሰው አንባቢውን በማግኒቶ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ያስፈልገዋል።

መ) እንግሊዝ ባሕርተኞች ውልብልቢትን ብሎን በሚያመለክተው ቃል ይጠሩታል። በሌላ በኩል ውታፍ የሚለው ቃላቸው ካንዴላንም፣ የማርሽ ቤቱን የዘይት መክደኛም ያመለክታል። «ውታፉን ፍታ» የሚለው ትእዛዝ የትኛውን እንደሆነ የሚታወቀው ከአረፍተ ነገሩ ሳይሆን ከሥራው ነው።

ሠ) ከሁሉ የሚከፋው የዘይቱ መጠን ነው። የጥንቶቹ የሲጋል ሞተሮች 10፡1 የሆነ ድብልቅ ይፈልጋሉ፤ ለ10 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ማለት ነው። በመጨረሻው ዘመን የተሠሩት 25፡1 ስለሆኑ ለዚያው ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ይበቃቸዋል። በኋላ ዘመን የመጡ ሌሎች ሞተሮች ብዙዎቹ በ50፡1፣ ማለት በ200 ሚሊ ሊትር ይሠራሉ። የጥንቱን ሞተር በዚህ መጠን ያሠራ ሰው ዘንጉን የሚይዙትን ክፍሎች በቅባት እጦት ያበላሻል። ተርጓሚው «ዘይትና ቤንዚን 10 ለ1» ብሎ ቢጽፍ የቃላቱ ተራ ከቁጥሮቹ ተራ ጋር ስለሚገጥም ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። «10 እጅ ቤንዚን፣ 1 እጅ ዘይት» ብሎ እያንዳንዱን ቁጥር ከስሙ ጋር ማያያዝ ክርክር አያስነሣም። ከዚህም ጋር በ10፡1 የሚሠራ ሞተር ያልተቃጠለ ዘይት ወደ ውሃው እንደሚለቅ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል፤ የሚጠጣና ዓሣ የሚወጣበት ውሃ ይህን አይወድም።

7. ለእኛ የሚኖረው ጥቅም

አማርኛ የውሃ መጓጓዣ ቃላት ድኻ አይደለም። ታንኳ፣ ጀልባ፣ መርከብ፣ መቅዘፊያ የሚሉት ቃላት ከነታሪካቸው አሉ። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ለዘመናት አገልግሏል፤ ዛሬም ያገለግላል። በ1986 ከሆላንድ በመጣ ድጋፍ በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባ የሚደረግ ዓሣ ማስገር ከተጀመረ ወዲህ ሞተሩ ከታንኳው ጎን ለጎን ይሠራል፤ ወደ ገዳማቱ መንገደኛ የሚያደርሱ ጀልባዎችም በሞተር ይሄዳሉ። መቅዘፊያና ውልብልቢት፣ ታንኳና የሞተር ጀልባ በአንድ ሐይቅ ላይ አብረው ስላሉ፣ ቃላቱም እንዳይደበላለቁ ድንበራቸው መለየት አለበት። ውልብልቢትን «መቅዘፊያ» ብሎ የተረጐመ መጽሐፍ በጣና ዳርቻ ቢነበብ፣ አንባቢው የሚያነሣው ሌላ ዕቃ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት መመሪያዎችን እናቀርባለን። የጋራዥ ቃል በሕይወት ካለና ትርጉሙ አንድ ከሆነ ይወሰድ፤ ምንጩ ባዕድ መሆኑ አይከለክለው። ቃሉ ሁለት ትርጉም ካለው ገላጭ ይጨመርለት። ቃል ከሌለ ደግሞ ስሙ ከሥራው ይውጣ እንጂ ከባዕዱ ቃል ቅርጽ አይውጣ። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናስቀምጣለን፦

ተንጠልጣይ የጀልባ ሞተር፦ በጀልባ የኋላ ግድግዳ ላይ የሚታሰርና የሚፈታ ሞተር።
ውልብልቢት፦ በውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባን የሚገፋ ባለ ክንፍ ክፍል።
የውልብልቢት ሞላ፦ ውልብልቢትን ከዘንጉ የሚያያዝና ግጭት የሚያበርድ ጥምዝ ሽቦ።
ካንዴላ፦ በሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጥ ክፍል።
የፒስተን ፋሻ፦ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል እመቃን የሚጠብቅ ቀለበት።
የአየር መግቻ፦ በብርድ ጊዜ ለማስነሣት ወደ ካርቡራተር የሚገባውን አየር የሚቀንስ ክፍል።
ብልሽት ፍለጋ፦ የብልሽትን ምክንያት በቅደም ተከተል የመለየት ሥራ።
ወደ ነባር ሁኔታ መመለስ፦ ያረጀን መሣሪያ በተሠራበት ጊዜ ወደ ነበረው አሠራርና መልክ ማምጣት።

በመጨረሻ የምናሳስበው አንድ የአሠራር ጉዳይ ነው። የጥገና መምሪያ የተረጐመ ሰው ጽሑፉን ከማሳተሙ በፊት፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ነገር ግን ሞተር ለሚያውቅ መካኒክ ያንብብለት፤ መካኒኩም እያንዳንዱን ትእዛዝ በሞተሩ ላይ ይፈጽም። እጁ ያመነታበት ቦታ ሁሉ የቃሉ ስሕተት ያለበት ቦታ ነው። ይህን ፈተና ያለፈ ቃል በመዝገበ ቃላት ሊገባ ይገባዋል።